ከውርጩ በኋላ፥ ከክረምቱ በፊት

በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅት ይከፈላል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መጸው፥ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 በጋ፥ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ፀደይ፥ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ይባላል። በአውሮፓ አገር ክረምት ሲባል ብርድ የሚጸናበትና በረዶ የሚከመርበት ወራት ነው። የእኛ ክረምት ግን የዝናብ ወራት ሲሆን፥ ብርዱ የሚጸናው ሰማዩ ጥርት ብሎ ደመና በማይታይበት ጊዜ፥ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ይህንንም የደባርቅና የዳባት ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ፥ ዳባትም 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቈረቈሩ ከተሞች ናቸው። ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ስሜን ተራሮች የወጣ ሰው በታኅሣሥ ማለዳ ሣሩ በውርጭ ነጥቶ፥ በጉድጓድ የቀረው ውኃ ላዩ እንደ መስተዋት ረግቶ ያገኘዋል።

እንግዲህ የዚህ አገር ቤት በዓመት ሁለት ጊዜ ይፈተናል፤ አንድ ጊዜ በውርጭ፥ አንድ ጊዜ በዝናብ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ዝናቡን ነው። ዳሩ ግን በነሐሴ ሌሊት የሚናደው ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ የተሰነጠቀው በታኅሣሥና በጥር ነው፤ ሊጠገን ይገባው የነበረውም በመጋቢት ነበር።

ይህን የምጽፈው ከሰው ሰምቼ ብቻ አይደለም። በልጅነቴ በዳባት ከቤታችን አጠገብ ባላቸው የሞተባቸው አንዲት እናት ይኖሩ ነበር። በቤታቸው ግድግዳ ላይ፥ ከበሩ በስተግራ፥ ከመሬት ተነሥቶ እስከ ልጅ ቁመት የሚደርስ ስንጥቅ ነበረ። እኛ የሰፈር ልጆች ብያችንን ወላጆቻችን እንዳይወስዱብን በዚያ ስንጥቅ ውስጥ እንሸሽገው ነበር። በጥር አንድ ጣት ብቻ ያስገባ የነበረው ስንጥቅ በሰኔ የልጅ እጅ የሚያስገባ ሆነ፤ እኛም ብያችን ወደ ውስጥ እየወደቀ ስለ ጠፋብን ከማዘን በቀር ሌላ ነገር አላሰብንም። ትልልቆቹም ያዩት ነበር። በደጃቸው ሲያልፉ «እማማ፥ ይህ ነገር ምርጊት ይፈልጋል» እያሉ ያልፉ ነበር። በነሐሴ፥ በፍልሰታ ጾም፥ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ግድግዳው ወደ ውስጥ ተናደ። እማማ እንደ ልማዳቸው ሱባዔ ገብተው በቤተ ክርስቲያን አድረው ነበርና ተረፉ፤ የሚተኙበት መደብ ግን በጭቃና በማገር ተሸፍኖ ተገኘ። ጎታቸው ተሰብሮ፥ እስከ አዲስ እህል ሊያደርሳቸው የተቀመጠው ገብስ ረጥቦ በጥቂት ቀን ውስጥ አቈጠቈጠ። ያን ዓመት ጎረቤት እየተዋጣ አበላቸው። ለምግባቸው የወጣው ገብስ ግድግዳውን ለመምረግ ከሚወጣው ድካም ስንት እጥፍ እንደ ሆነ ያሰበ ሰው ግን ያኔ አልነበረም።

ስንጥቁ እንዴት እንደሚመጣ ማወቅ ለጥገናው ይረዳል። ምርጊት ሲደርቅ ይኰማተራል። በበጋ ቀኑ ፀሐይ፥ ሌሊቱ ውርጭ ስለሆነ ግድግዳው በአንድ ቀን ውስጥ ይሞቃል ይቀዘቅዛል። ውኃ ሲረጋ ደግሞ ስፋቱ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ይጨምራል። ከጤዛ፥ ከተደፋ እጣቢ ወይም ከመሬት ወጥቶ በምርጊቱ ውስጥ የቀረው እርጥበት ብርዱ በጸናበት ሌሊት ሲረጋ ጭቃውን ይገፋዋል፥ ቀን ሲቀልጥ ይለቀዋል። ይህ በተደጋገመ ቍጥር ምርጊቱ ከማገሩ እየተላቀቀ ይሄዳል። ላዩ ደኅና መስሎ ውስጡ የተላቀቀውን ቦታ ለማወቅ ግድግዳውን በጣት መገጣጠሚያ ማንኳኳት ነው፤ የያዘው ቦታ ደንቆሮ ድምፅ ሲሰጥ፥ የተላቀቀው እንደ ባዶ ቅል ይጮኻል። ይህን ሥራ ለልጆች ቢሰጧቸው ደስ ብሏቸው ያደርጉታል፤ የሚጮኸውንም ቦታ ሁሉ በከሰል ምልክት ያደርጉበታል።

ለምርጊት ዋልካ አፈር አይሆንም፤ ሲረጥብ ያብጣል፥ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። ቀይ ወይም ቡናማ አፈር ይሻላል። ጭዱ የጤፍ ቢሆን መልካም ነው፤ በደጋው ግን የገብስና የስንዴ ጭድ አጥሮ ተቈርጦ ያገለግላል። ጭቃው ተረግጦ፥ ውኃ እየተጨመረበት ቢያንስ አንድ ሳምንት መቡካት አለበት፤ ሳይብላላ የተመረገ ጭቃ ቶሎ ይፈረፈራል። ስንጥቁን ከላይ ብቻ መለሰን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። አስቀድሞ የላላውን ሁሉ በቢላዋ ፍቆ ስንጥቁን ማስፋት፥ አቧራውን መጥረግ፥ ቦታውን በውኃ ማርጠብ ያስፈልጋል፤ ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውኃ ጠጥቶ እንዳይያያዝ ያደርገዋልና። ከዚያም ጭቃውን በእጅ ጫን እያሉ ማስገባት ነው። ሲደርቅ እንደገና በቀጭኑ ይሰነጠቃል፤ ይህ ሊያስደነግጥ አይገባም፥ ሁለተኛው ልስን የሚመጣው ለዚሁ ነው። በመጨረሻ እበትና የተነፋ አፈር ተደባልቆ ይለቀለቃል። ገንዘብ ያለው ሰው በኖራ ቢቀባው ያምራል። አሁን አሁን ግን በጭቃ ግድግዳ ላይ ሲሚንቶ የሚለስኑ በዝተዋል። ሲሚንቶና ጭቃ አይዋሐዱም። ሲሚንቶው እርጥበቱን በውስጥ ይይዘዋል፥ ከሁለትና ከሦስት ክረምት በኋላም እንደ ቂጣ ተገንጥሎ ይወድቃል፤ ያን ጊዜ ከሥሩ የሚገኘው ማገር የበሰበሰ ነው። በሲሚንቶ ከተለሰነ ደካማ ግድግዳ በእበት የተለቀለቀ ጠንካራ ግድግዳ ይበልጣል፤ ይህን ስናገር የሚቀየሙኝ ወዳጆች እንዳሉ አውቃለሁ።

ስለ ግድግዳ ሕመም መጽሐፍ ቅዱስም ዝም አላለም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 የቤት ደዌ የታየበት ሰው ለካህኑ እንዲናገር ታዝዟል። ካህኑ ቤቱን ባዶ አስደርጎ ይመለከተዋል፥ ሰባት ቀን ይዘጋዋል፥ ተመልሶም ያየዋል። ደዌው ሰፍቶ ከተገኘ የታመሙት ድንጋዮች ወጥተው ከከተማ ውጭ ይጣላሉ፤ ግድግዳው በዙሪያው ይፋቃል፥ ሌላ ድንጋይ ይገባል፥ በሌላ ጭቃም ይመረጋል። ሊቃውንቱ የሚሰጡትን ምሥጢር ለእነርሱ ትቼ፥ ለአንድ የቤት ባለቤት የሚሆነውን ብቻ ባነሣ፥ መመልከት፥ መጠበቅ፥ እንደገና መመልከት፥ የታመመውን ፍቆ ማውጣት፥ ከዚያ በኋላ መምረግ የሚለው ቅደም ተከተል ዛሬም የሚያገለግል ነው።

ወደ ጣራው እንመለስ። በደባርቅና በዳባት ከተማ ቆርቆሮ የሣሩን ክዳን ተክቶታል ማለት ይቻላል። በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፥ በ3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ሲዛወር፥ ወፍራም የሣር ክዳን ካለው ክብ ቤት ወጥቶ ወደ ከተማ ኑሮና ወደ ቆርቆሮ ቤት ነው የገባው። ቆርቆሮ ከእሳት አደጋ ይጠብቃል፥ በየዓመቱም ሣር ፍለጋ አያስኬድም። ነገር ግን ሣሩ የማያውቀው አንድ ጠባይ አለው፤ ያልበዋል።

በታኅሣሥ ማለዳ፥ ዝናብ ሳይዘንብ ከጣራው ጠብ ጠብ ሲል የሚደነግጡ ሰዎች አሉ። ቆርቆሮው ተቀዷል ብለው በማግሥቱ ሬንጅ ገዝተው ይወጣሉ፤ ሬንጁ ሲያልቅ ጠብታው አላለቀም። ይህ ውኃ ከሰማይ የወረደ ሳይሆን ከቤተ ሰቡ ትንፋሽና ከድስቱ እንፋሎት የመጣ ነው። ቆርቆሮው በውርጭ ሌሊት ከቤቱ አየር ይልቅ ስለሚቀዘቅዝ፥ እርጥብ አየር ሲነካው በላዩ ላይ ውኃ ይሆናል፤ ልክ ቀዝቃዛ ውኃ የያዘ ጣሳ በውጭው እንደሚያልበው ነው። ሁለቱን መለየት ይቻላል። የቀዳዳ ውኃ በአንድ ቦታ ይወርዳል፥ ቡናማ ክብ ምልክትም ይተዋል፤ ላቡ ግን በየሚስማሩና በየወራጁ ተርታ በብዙ ቦታ ይንጠባጠባል፥ ፀሐይ ስትሞቅም ይቆማል። ይህ ነገር እንዲሁ ከተተወ ወራጁን ያበሰብሳል፥ ሚስማሩንም ከሥር ያዝገዋል። መድኃኒቱ ከጣራው በታች የአቡጀዲ ወይም የተሰፋ የማዳበሪያ ከረጢት ኮርኒስ መዘርጋት፥ በግድግዳውና በጣራው መገናኛም ለአየር መውጫ ክፍት መተው ነው። ብዙዎቻችን ግን በኅዳር ብርዱ ሲገባ ያንን ክፍት በቡትቶ ጠቅጥቀን እንዘጋዋለን፥ በመጋቢትም ማውጣቱን እንረሳለን።

ከዚህ በኋላ ሚስማሮቹን ማየት ነው። ቆርቆሮ በቀን ፀሐይ ይለጠጣል፥ በሌሊት ይሰበሰባል፤ በዚህ ምልልስ ሚስማሩ ቀስ በቀስ ይላላል፥ ቀዳዳውም ይሰፋል። የላላውን ያንኑ ሚስማር መልሶ ከመምታት ይልቅ ጥቂት ረዘም ያለ ባለ ጎማ ሚስማር መለወጥ ይሻላል። ሚስማር የሚመታው በቆርቆሮው ጕብታ ላይ ነው፤ በሸለቆው የተመታ ሚስማር ውኃው በላዩ ስለሚሄድ ሁልጊዜ ያፈሳል። አዲስ ቆርቆሮ የሚገዛ ሰውም ቍጥሩ ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ይወቅ፤ ባለ 35 ከባለ 32 የሳሳ ነው። ሻጩ ይህን ሳይጠየቅ አይናገርም።

የሣር ቤት ያላቸው፥ ይልቁንም በገጠሩ፥ በቀትር ጊዜ በሩን ዘግተው ከውስጥ ወደ ላይ ይመልከቱ። ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ ውኃ ያስገባል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚጐዳው ጕልላቱና ወፍ የምትቈፍረው ቦታ ነው። የሳሳውን ቦታ በላዩ ሣር በመጣል ማዳን አይቻልም፤ አሮጌውን ክዳን ከፍ አድርጎ አዲሱን እስር ከሥሩ ማስገባት፥ ሥራውንም ከታች ወደ ላይ መሥራት ያስፈልጋል። ችግሩ ሣሩ ነው። የሚታጨደው ከክረምት በኋላ ሲበስል ስለሆነ በመጸው ያላስቀመጠ ሰው በመጋቢት በውድ ይገዛል። የተራራው ጓሳም ዛሬ እንደ ልብ አይታጨድም፤ በ1969 እ.ኤ.አ. የተቋቋመውና በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ፓርክ ለዋልያውና ለጭላዳው የተጠበቀ ነውና። እነርሱም ቤት ያስፈልጋቸዋል።

ጣራ ደኅና ሆኖ ቤት የሚወድቅበት ምክንያት ከግድግዳው እግር ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ይሆናል። ጣራው 40 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 1,200 ሊትር፥ ማለት 60 ጀሪካን ውኃ በቤቱ ዙሪያ ይፈስሳል። ይህን ሁሉ ጀሪካን አንድ ሰው ተሸክሞ ግድግዳችን ሥር ቢደፋብን በተጣላነው ነበር። ስለዚህ ከቤቱ በላይ ባለው ተዳፋት በኩል ቦይ መቈፈር፥ በበጋ በአፈርና በገለባ የተሞላውን አሮጌ ቦይም መጥረግ ያስፈልጋል። የጣራው ጠርዝ ከግድግዳው ቢያንስ አንድ ክንድ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ጠብታው በሚያርፍበት መስመርም ጠጠር ቢደረደርበት ውኃው ጭቃ ይዞ ወደ ግድግዳው አይረጭም። ቤቱ ተዳፋት ላይ ላለ ጎረቤት ቦያችንን ወደ እርሱ ግድግዳ አቅንተን እንዳንቈፍር ደግሞ ማሰብ ይገባል። የሰፈር ጠብ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው፥ እስከ ሽማግሌም የሚደርስ።

ቋሚዎቹን ከመሬት ጋር በሚገናኙበት ቦታ በቢላዋ ጫፍ መውጋት ነው። ጥድና ወይራ ለረጅም ዘመን ይጸናሉ፤ ዛሬ የሚገኘው ባሕር ዛፍ ግን በአፈር ውስጥ ቶሎ ይበሰብሳል። ቢላዋው ያለ ችግር ከገባ ጣራውን በሌላ እንጨት ደግፎ የበሰበሰውን መቍረጥ፥ ቀሪውንም በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ማቆም ይቻላል። አዲስ ቋሚ የሚተክል ሰው የሚቀበረውን ክፍል የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቢቀባው ዕድሜ ይጨምርለታል። ይህ ሥራ ልምድ ካለው ሰው ጋር እንጂ ለብቻ አይሞከርም።

ስለ ቤት ውስጥ ጕዳይ እመቤቲቱ ከእኔ ይልቅ ታውቃለችና ጥቂት ብቻ ልበል። በውርጩ ወራት የተደፈነው መስኮት ይከፈት። ጭስ በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ለሳንባ ምች እንደሚያጋልጥ በሕክምና የታወቀ ነው፤ ከሰል ደግሞ ጭሱ ስለማይታይ ደኅና ይመስላል እንጂ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሽታ የሌለው መርዛም አየር አውጥቶ የተኛን ሰው ይገድላል። ብርዱ በተመለሰ ቍጥር ከሰሉን ሳያጠፉ የሚተኙ ስላሉ ይህን መደጋገም አይሰለቸኝም። ጋቢው፥ ብርድ ልብሱና አጎዛው በፀሐይ ይሰጣ፥ የሚቀቀለውም ልብስ ይቀቀል፤ በደጋ አገር ተስቦና ግርሻ የሚተላለፉት በቅማል ነው። ጎታው ከሥሩ ድንጋይ ተደርጎለት ከመሬት ከፍ ይበል፥ አይጥ የከፈተችውም ቀዳዳ ይመረግ።

ሥራው መቼ ይሠራ ለሚለው፥ ዐቢይ ጾም ቀኑን ይወስንልናል። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 በፊት፥ ከሚያዝያ 30 በኋላ አይውልም። ምርጊትና ልስን ለመድረቅ በመካከላቸው ሳምንታት ስለሚፈልጉ፥ በጾሙ መጀመሪያ ላይ ጀምሮ ከሰሙነ ሕማማት በፊት መጨረስ ነው፤ ሕማማት የስግደት እንጂ የጭቃ ሳምንት አይደለም። ሰንበታቱንና በዓላቱን ስንቀንስ የሚቀሩት የሥራ ቀኖች ከሚገመቱት ያነሱ ናቸው። አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ከቀትር በኋላ ጣራ ላይ አይውጣ፤ ራስ ያዞራል። በማለዳም ጤዛው ያንሸራትታል። ጤዛው ከደረቀበት ከሦስት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት የጣራው፥ ከዚያ በኋላ የመሬቱ ሥራ ቢሠራ ጾሙም ሥራውም ይከናወናል።

ጭቃ ማቡካት ለአንድ ሰው ይከብዳል፤ ለአሥር ሰው ግን ግማሽ ቀን ነው። በወንፈል ዛሬ የእኔን፥ ነገ የአንተን ተባብሎ መሥራት የአገሩ ልማድ ነው። በወንፈል ግን ብድር መመለስ የማይችል ሰው ይቀርበታል። ለአቅመ ደካሞች ያለው ደቦ ነው። በነሐሴ መጨረሻ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ በዳባት ወረዳ ጭና በደረሰ ጊዜ ሰላማውያን ሰዎች ተገድለዋል፥ አባወራቸውን ያጡም ቤቶች አሉ። የትኛው ቤት ግድግዳው እንደ ተሰነጠቀ ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ጠበል ሊረጩ የሚገቡት የንስሐ አባቶች ናቸው። በሰበካ ጉባኤው አማካይነት ሁለትና ሦስት ቤት ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ቢነግሩላቸው፥ ከባለቤቲቱ ንፍሮና ውኃ በቀር ሌላ ወጪ አይኖርም። ወጣቶቹም ሲመጡ «ምርጊት ይፈልጋል» ብለው እንዳያልፉ፥ ጭዱን ይዘው ይምጡ።

ሁሉ ካለቀ በኋላ የግንቦት የመጀመሪያ ዝናብ ሲጥል አንድ ሰው ፋኖስ ወይም የእጅ ባትሪ ይዞ ቤቱን ከውስጥ ይዙረው። በደረቅ ቀን ያልታየ ቀዳዳ ያን ጊዜ ይታያል። ውኃ በታየበት ቦታ በከሰል ምልክት ያድርግ፥ ቀኑንም ይጻፍበት፤ እስከ ሰኔ 26 ድረስ ገና ጥቂት ደረቅ ቀኖች ይቀራሉ።